ያልተጠየቀ ጥያቄ፦ ኤሌክትሮኒክ የታካሚ መጠይቅና የሀብሩ የተግባር ልምምዴ

መግቢያ

በዚህ ጽሑፍ ላካፍላችሁ የምፈልገው በተግባር ልምምድ ወቅት ስለሠራሁት አንድ ስህተትና ከስህተቱ ስለተማርኩት ነገር ነው። ርዕሰ ጉዳዩ ኤሌክትሮኒክ የታካሚ መጠይቅ ነው። ይኸውም ታካሚው ለምርመራ ከመግባቱ በፊት ወይም በምርመራው መካከል በስልክ፣ በታብሌት ወይም በኮምፒዩተር የሚመልሳቸው አስቀድመው የተዘጋጁ ጥያቄዎች ማለት ነው።

ልምምዴ የነበረው በሀብሩ ወረዳ በሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ ነው። አካባቢውን ለማታውቁት፣ ከወልዲያ ወደ ደሴ በሚወስደው አስፋልት ሲሪንቃን ሲያልፉ መርሳ ይገኛል፤ የወረዳው ዋና ከተማ እሱ ነው። የጤና ጣቢያውን ስም አልጠቅስም፤ ታካሚዎችን ሊያስለዩ የሚችሉ ነገሮችንም ቀይሬአለሁ።

ወደ ልምምድ ስወጣ አንድ እምነት ነበረኝ፤ ወረቀቱን ወደ ስልክ ካዞርነው ሥራው ይቀላል፣ መረጃውም ይጠራል የሚል። ስመለስ ግን እምነቴ ግማሽ ሆኖ ነው የተመለስኩት። ስልክ ብዙ ስህተት ይይዛል። አንድን ስህተት ግን ከወረቀት ይልቅ አጥብቆ ይደብቃል። እሱም ያልተጠየቀ ጥያቄ ነው።

መጠይቅ ለጤና ጣቢያ እንግዳ ነው ወይ?

አይደለም። «ሳል ከጀመረዎት ሁለት ሳምንት ሆኖታል?» ስንል የሳንባ ነቀርሳ መጠይቅ እየሞላን ነው። ቫይረሱ በደሙ ያለበት ሰው ለክትትል ሲመጣ ሳል፣ ትኩሳት፣ የክብደት መቀነስና የሌሊት ላብ መኖሩን እንጠይቃለን። እናት የታመመ ሕፃን ይዛ ስትገባ ደግሞ፣ ይጠባል ወይም ይጠጣል ወይ፣ የወሰደውን ሁሉ ያስመልሰዋል ወይ፣ አንቀጥቅጦታል ወይ እንላለን፤ መፍዘዙን ወይም ራሱን መሳቱን በዓይናችን እናያለን። እነዚህ ሁሉ መጠይቆች ናቸው። በቃላችን ስለያዝናቸው ነው መጠይቅ የማይመስሉን።

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ጥያቄው ከጤና ጣቢያ ወጥቶ ቤት ለቤት መሄድ ጀመረ። በየቀበሌው ጤና ኬላ በአብዛኛው ሁለት ሴት ሠራተኞች ይመደቡ ነበር። በኋላም ለየቤተሰቡ አንድ ማህደር ተዘጋጀ፤ ሁላችንም ፋሚሊ ፎልደር የምንለው ማለት ነው። እርጉዟ፣ ክትባት የሚቀረው ሕፃን፣ የመጸዳጃ ቤቱ ሁኔታ፣ ሁሉም በዚያ ማህደር ውስጥ ይመዘገባል።

አሁን ወረቀቱ ቀስ በቀስ ወደ ስክሪን እየዞረ ነው። እዚህ ላይ ግን እኛ ተማሪዎች የምንቀላቅላቸው ሦስት ነገሮች አሉ፤ ለይተን ብናያቸው መልካም ነው።

አንደኛው ዲኤችአይኤስ 2 ነው። ይህ ተቋሙ በየወሩ የሚልከው የተደመረ ቁጥር ነው። ስንት እናቶች ወለዱ፣ ስንት ሕፃናት ተከተቡ ይላል እንጂ እገሊት እንዴት ዋለች አይልም። የሪፖርቱ ወር ከ21 እስከ ቀጣዩ ወር 20 የሚቆጠረውም ለዚሁ ነው።

ሁለተኛው የማኅበረሰብ ጤና መረጃ ሥርዓት ኤሌክትሮኒክ ቅጂ፣ በተለምዶ ኢ-ሲኤችአይኤስ የሚባለው ነው። ኮምኬር በተባለ ሶፍትዌር ላይ የተሠራ ሲሆን የቤተሰብ ማህደሩን በኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ታብሌት ውስጥ ያስገባል። ኔትወርክ በሌለበት ይመዘግባል፤ ኔትወርክ ሲገኝ ይልካል።

ሦስተኛው የእኔ ርዕስ ነው፤ የአንድ ታካሚ መልስ፣ በዚያው ቀን፣ ለዚያው ታካሚ ሕክምና የሚውል። ይህኛው ከሁለቱ የሚለየው ጊዜው አጭር በመሆኑ ነው። መልሱ ታካሚው ወደ ቤቱ ከመሄዱ በፊት ሥራ ላይ ካልዋለ፣ የታካሚ መጠይቅ መሆኑ ቀርቶ የጥናት መረጃ ብቻ ይሆናል።

ሐሳቡ በዓለም ላይ አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው ሐኪም ዋርነር ስላክ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ የታካሚን የበሽታ ታሪክ በኮምፒዩተር የሚጠይቅ ሥርዓት ሠርቶ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1966 አሳትሟል። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ ሌላ የአሜሪካ ጥናት ደግሞ ወጣቶች በወረቀት ላይ ሲጠየቁ ያልገለጹትን አሳፋሪ ወይም አስፈሪ ነገር፣ በጆሮ ማዳመጫ ከኮምፒዩተር እየሰሙ ሲጠየቁ በብዛት እንደሚገልጹ አሳየ። እዚያ ታካሚው ብቻውን ነው፤ ማንም መልሱን አይሰማም። የእኛን ሁኔታ ስናይ ግን ብዙ ታካሚ፣ በተለይም ዕድሜው የገፋው፣ ማንበብ አይችልም። ስለዚህ ስልኩን የምንይዘው እኛ ነን፤ የምናነበውም እኛ፣ የምንነካውም እኛ። መጠይቁ ተመልሶ ቃለ መጠይቅ ይሆናል ማለት ነው። በአግዳሚ ወንበር ላይ፣ ጎረቤት እየሰማ ከጠየቅን ደግሞ የማሽኑ ዋና ጥቅም፣ ማለትም ገበና መጠበቁ፣ ከመነሻው ቀርቷል።

ስልኩ በደንብ የሚሠራው ሥራ

ስልኩን ለማማት ብቻ አልተነሳሁም። ሦስት ሥራዎችን ከእኛ በተሻለ ይሠራል።

የመጀመሪያው መዝለል ነው። ታካሚው ወንድ ከሆነ የእርግዝናን ጥያቄ አያሳይም። ሳል የለም ከተባለ «አክታው ደም አለው ወይ» አይልም። በወረቀት ላይ ይህ ሁሉ በቀስትና በትንንሽ ጽሑፍ የሚነገር ስለሆነ ሲደክመን እንስተዋለን።

ሁለተኛው ወሰን መጠበቅ ነው። የሙቀት መጠን 73 ብለን ብንጽፍ አልቀበልም ይላል።

ሦስተኛው ስሌት ነው። ነጥብ ይደምራል፣ ዕድሜ ያሰላል። ዕድሜ ማስላት ቀላል ይመስላል፤ በጤና ጣቢያ ግን ሕክምና ይቀይራል። እንደምታውቁት ከ2 እስከ 11 ወር ላለ ሕፃን በደቂቃ 50 እና ከዚያ በላይ ትንፋሽ ፈጣን ይባላል። ከ12 ወር እስከ 5 ዓመት ላለው ደግሞ 40 እና ከዚያ በላይ። እንግዲህ አንድ ልጅ 46 ጊዜ ቢተነፍስ፣ የ9 ወር ከሆነ ፈጣን አይደለም፤ የ13 ወር ከሆነ ግን ፈጣን ነው፣ የሳንባ ምች ተብሎ ይታከማል።

አሁን የዘመን አቆጣጠሩን ጨምሩበት። ልጁ የተወለደው ሚያዝያ 25 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው እንበል፤ ጤና ጣቢያ የመጣው ደግሞ ሰኔ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.። ዕድሜው 13 ወር አልፎታል። የስልኩ ቀን መቁጠሪያ ግን የፈረንጅ ነው። ተማሪው ዓመቱን በትክክል ወደ 2024 ቀይሮ ሚያዝያ ስምንተኛ ወር ስለሆነ ብቻ «25/8» ብሎ ቢሞላ፣ ስልኩ ኦገስት 25 ብሎ ይይዘዋል። ትክክለኛው ሜይ 3 ነበር። ልጁ በአንድ ጊዜ የ9 ወር ሕፃን ሆነ። 46 ትንፋሹም «ፈጣን አይደለም» ተባለ። ስልኩ በስሌቱ አልተሳሳተም፤ የተሰጠውን ነው ያሰላው። ወሰን ጠባቂውም አይይዘውም፤ ምክንያቱም የ9 ወር ልጅ ጤና ጣቢያ መምጣቱ ምንም የሚያስገርም ነገር የለውም። በመሆኑም ፎርም ስንሠራ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚቀበል ማድረግ፣ ካልተቻለም ስልኩ ያሰላውን ዕድሜ ለእናትየው ጮክ ብሎ አንብቦ «ልክ ነው?» ማለት ያስፈልጋል። እናት የልጇን ዕድሜ ከስልክ ይልቅ ታውቃለች።

ያጋጠመኝ

ለልምምድ ሪፖርቴ የመረጥኩት የድብርት መለያ የሆነውን ፒኤችኪው-9 ነበር። የመጠይቁን አስተማማኝነት የሚያሳየው ዋናው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ነው። ዘጠኝ ጥያቄዎች አሉት፤ ሁሉም ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ይመለከታሉ። ለእያንዳንዱ መልስ ከ0 እስከ 3 ይሰጣል፤ ድምሩ ከ0 እስከ 27 ይሆናል። ዘጠነኛው ጥያቄ ሞትን ስለ መመኘት ወይም ራስን ስለ መጉዳት የሚጠይቅ ነው። ነጥቡ መለያ እንጂ የበሽታ ስም አይደለም፤ ከፍ ያለ ነጥብ ያገኘ ሰው በባለሙያ ይታያል ማለት ነው።

ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ወልዲያ ሆነን ፎርሙን በኮቦ ሠራነው። ብዙዎቻችሁ ለመመረቂያ ጽሑፍ የምትጠቀሙበት ነው። ዶርም ውስጥ እርስ በርስ ሞከርነው፤ አራት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። መረጃ እንዳይጎድል ብለን ሁሉንም ጥያቄ አስገዳጅ አደረግነው። አንዱ ካልተመለሰ ስልኩ ወደሚቀጥለው አያልፍም። በጣም ኮርተን ነበር።

ጤና ጣቢያው የደረስኩት በገበያ ቀን ነው፤ ወረፋው እስከ ግቢው በር ይደርሳል። ለደም ግፊት፣ ለስኳርና ለራስ ምታት የመጡትን እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ እየተጠጋሁ መጠየቅ ጀመርኩ። የጠየቅኋቸው ሁሉ ማለት ይቻላል ዜሮ ወይም አንድ ነጥብ አመጡ። እኔ እንኳ ደስ ብሎኝ ነበር። ለልምምድ የተመደብኩባት ሲስተር ስክሪኑን አየችና «ይሄ ሁሉ ሰው ዜሮ? ታዲያ ራስ ምታቱ ከየት መጣ?» ብላ ሥራዋን ቀጠለች። ቀልድ መሰለኝ።

ቀጥሎ ተራው የአንዲት እናት ሆነ። ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳዎቹ ይሆናል፣ ለደም ግፊት ክትትል የመጡ ናቸው።

«እማማ፣ አማን ዋሉ?»

«አማን ነው ልጄ፣ አልሐምዱ ሊላህ።»

«ባለፉት ሁለት ሳምንታት ውስጥ የመከፋት ወይም ተስፋ የመቁረጥ ስሜት ምን ያህል ቀን ተሰምቶዎታል?»

«አልሐምዱ ሊላህ ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል።»

ዜሮ ነካሁ። ቀጠልኩ። ለእንቅልፍ ጥያቄ «ያው ነው» አሉኝ፤ አንድ ነካሁ። ሌላው ሁሉ ዜሮ። ዘጠነኛው ላይ ስደርስ አፌ ተያዘ። እናቴን የሚያህሉ ሴት፣ ግራና ቀኝ የቀበሌያቸው ሰው ተቀምጦ፣ እንዴት ብዬ «ሞትን ይመኛሉ ወይ» እላለሁ? ወረፋው ይገፋል። ስልኩ ደግሞ ካልተሞላ አላልፍም አለ። ዜሮ ነካሁና ላክሁት። ድምር፦ 1።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሲስተር ወደ ክፍሉ አስገባቻቸው፤ እኔም አብሬ ገባሁ። የግፊት መለኪያውን እጃቸው ላይ እየጠቀለለች፣ ስክሪንም ወረቀትም ሳታይ፣ «እማማ፣ እንቅልፍ እንዴት ነዎት?» አለቻቸው።

«እንቅልፍማ ልጄ ከሄደ ወዲያ የት አውቄው!»

ልጃቸው በጅቡቲ አድርጎ ወደ ሳውዲ የወጣ ነው። በእኛ አካባቢ ይህ የብዙ ቤት ታሪክ ነው። ድምፁ ከጠፋ ከርሟል። «ሆዴ ባር ባር ይላል። ሰው ሲስቅ እስቃለሁ። ማታ ስተኛ ግን፣ ጌታዬ ነገ ባታነቃኝ እላለሁ» አሉ።

ሲስተር አልደነገጠችም። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ይህን ሲያስቡ በራስዎ ላይ አንድ ነገር ለማድረግስ አስበው ያውቃሉ?» ብላ ቀጥታ ጠየቀቻቸው።

«አላህ ይጠብቀኝ፣ እሱንስ አላደርገውም» አሉ፤ ከዚያም አለቀሱ። «አብሽሩ እማማ» አለቻቸውና ጊዜ ሰጠቻቸው። የጤና መኮንኑ ተጠርቶ በዝርዝር አናገራቸው። ከሳምንት በኋላ ቀጠሮ ተሰጣቸው፤ ሴት ልጃቸው አብራ እንድትመጣ ተነጋገሩ፤ በፈቃዳቸውም የቀበሌያቸው ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቤታቸው ብቅ እንድትል ተደረገ።

እሳቸው ከወጡ በኋላ ሲስተር ስልኩን ተቀበለችኝ። «ዘጠነኛውን ጠይቀሻቸዋል?» አለችኝ። ዝም አልኩ። የተናገረችኝን እንደሰማሁት እጽፈዋለሁ፦ «ባዶ ብትተዪው እኔ አይቼ እጠይቃቸው ነበር። ዜሮ ስትሞዪ ግን ተጠይቀዋል ማለት ነው፤ ማንም ሁለተኛ አይጠይቃቸውም። ባዶ ቦታ ያስጠይቃል፣ ዜሮ ግን በር ይዘጋል።»

ያን ማታ ለአማካሪ መምህሬ ደወልኩና የሆነውን ነገርኳቸው። የዚያን ቀን መረጃ በሙሉ እንዲሰረዝ ተስማማን። ሪፖርቴ አነሰ፤ ግን አልጸጸትም።

ቃሉ የማን ነው?

ስህተቱ የእኔ መሆኑን ካመንኩ በኋላ፣ ሌሎቹ ዜሮዎች ለምን እንደ በዙ ማሰብ ጀመርኩ። አንዱ ምክንያት ቃሉ ነው።

በአገራችን የተደረጉ ሁለት ጥናቶች እዚህ ላይ ብዙ ያስተምራሉ። ለወለዱ እናቶች የተዘጋጀው የኤድንብራ መጠይቅ በስኮትላንድ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1987 ይፋ የሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው በቡታጅራ ገጠር የተካሄደ ጥናት ይህ መጠይቅ የታመሙትን ካልታመሙት ለመለየት ደካማ መሆኑን አሳየ። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው፣ በአዎ ወይም በአይደለም የሚመለሱ 20 ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ ግን እዚያው የተሻለ ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው የአዲስ አበባ ጥናት ደግሞ ያው የኤድንብራ መጠይቅ በደንብ ሠራ። አገሩ አንድ፣ መጠይቁ አንድ፤ ከተማና ገጠር ግን ተለያዩ። የ20ዎቹ ጥያቄዎች መጠይቅ ራስ ምታት፣ የምግብ ፍላጎት፣ እንቅልፍ፣ የእጅ መንቀጥቀጥ እያለ ስለ ሰውነት አብዝቶ ይጠይቃል። በእኔ ግምት የገጠር ሰው ለመመለስ የሚቀለው ይህ ነው። እኛም ዘንድ ጭንቀት የሚነገረው በሆድ፣ በልብና በራስ ነው፤ ሆዴ ባባ፣ ልቤ ደከመ፣ ራሴን ከበደኝ ይባላል።

ፒኤችኪው-9 በአማርኛ ተተርጉሞ አዲስ አበባ ውስጥ በሆስፒታል ታካሚዎች ላይ ተፈትሿል፤ ጥናቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ስለዚህ ትርጉሙን እንደ ፈለግን መቀየር አንችልም፤ ከቀየርነው የተፈተሸው መጠይቅ አይደለም። የምንችለው ግን መጀመሪያ ጥያቄውን እንደ ተጻፈው ማንበብ፣ ካልገባቸው በአካባቢው አነጋገር ማስረዳት፣ ማስረዳታችንንም መመዝገብ ነው። ለምሳሌ «ባለፉት ሁለት ሳምንታት» የሚለው ለብዙ ሰው አይጨበጥም። «ካለፈው ገበያ በፊት ከነበረው ገበያ ወዲህ» ሲባል ግን ወዲያው ይያዛል። «ከግማሽ በላይ ቀናት» የሚለውን ደግሞ በጣት እያስቆጠርኩ ነው ያስረዳሁት።

ሌላው ምክንያት ምስጋናው ነው። ወሎ ውስጥ እስላሙም ክርስቲያኑም «እንዴት ነዎት?» ሲባል የሚመልሰው ምስጋና ነው። ምስጋና ግን የመጠይቅ መልስ አይደለም፤ ሰላምታ ነው። «አልሐምዱ ሊላህ» ወይም «እግዚአብሔር ይመስገን» ሲሉን ሰላምታውን ተቀብለን፣ ጥያቄውን እንደገና ማቅረብ አለብን። እኔ ሰላምታውን ዜሮ ብዬ መዘገብኩት።

መብራትና ኔትወርክ

ስለ እኛ አካባቢ ሲጻፍ ይህ ሊታለፍ አይችልም። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልዲያና አካባቢዋ በጦርነቱ ውስጥ በነበሩበት ጊዜ መብራትም ስልክም ባንክም አልነበረም። በሰሜን ወሎ ብዙ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ወድመዋል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ ግጭት ሲነሳ ደግሞ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጧል።

ከዚህ ተነስተን ኤሌክትሮኒክ መጠይቅ ለእኛ አይሆንም ማለት ይቻላል? አይመስለኝም። ካቢኔው ሲሰበር ወረቀቱም ይጠፋል። ቁም ነገሩ መጠይቁ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ መሆኑ፣ ነጥቡ እዚያው ስልኩ ላይ የሚታይ መሆኑና ውጤቱ በታካሚው ካርድ ላይ በብዕር የሚጻፍ መሆኑ ነው። ከሩቅ ያለ ሰርቨር እስኪመልስ የሚጠብቅ መጠይቅ ግን ኔትወርክ በጠፋ ቀን ታካሚውን ባዶ እጁን ይሸኘዋል።

የስልኩ መጥፋትም አለ። የሰው ገበና የያዘ ስልክ በሚኒባስ ውስጥ ቢረሳስ? የይለፍ ቃል ማድረግ፣ ስም ሳይሆን የካርድ ቁጥር መጠቀም፣ የተላከውን ከስልኩ ማጥፋት ልማድ ሊሆን ይገባል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ ጉዳዩ የጨዋነት ብቻ ሳይሆን የሕግም ነው።

ለልምምድ ለምትወጡ

ከዚያ ቀን በኋላ ፎርሙን እንደ ገና ሠራነው። ያደረግናቸውን ለውጦች ለእናንተም ይጠቅማሉ ብዬ ስላሰብኩ እዘረዝራቸዋለሁ።

1. ለእያንዳንዱ ጥያቄ «አልተጠየቀም» እና «መመለስ አልፈለጉም» የሚሉ ሁለት ምርጫዎች ጨመርን። አስገዳጅ ጥያቄ መውጫ ከሌለው ጠያቂውን ውሸት ያስተምራል።

2. አንድ ጥያቄ እንኳ «አልተጠየቀም» ከተባለ ስልኩ ድምር አያሳይም፤ «ያልተሟላ» ይላል። ያልተሟላ ነጥብ ዝቅተኛ ነጥብ መስሎ እንዳያሳስት ነው።

3. በዘጠነኛው ላይ ከዜሮ በላይ ከተነካ ስክሪኑ ቀይ ሆኖ «ታካሚው ሳይሄዱ ባለሙያ ጥሪ» ይላል። ማንን እንደምንጠራ ጠዋት ሥራ ሳንጀምር እንስማማለን። የሚጠራ ሰው በሌለበት ቀን ይህን መጠይቅ አንጠይቅም።

4. ቦታውን ቀየርን። ከአግዳሚው ወንበር ተነስተን ከካርድ ክፍሉ ጀርባ ባለው ጥላ ሁለት ወንበር አስቀመጥን። አስታማሚ ካለ በትሕትና ትንሽ ራቅ እንዲል እንጠይቃለን።

5. ስለ ሞት ከመጠየቃችን በፊት «ይህን ሁሉንም ሰው ነው የምጠይቀው» እንላለን። ስለ ጉዳዩ መጠየቅ ሐሳቡን በሰው ውስጥ አይፈጥርም፤ ብዙ ጊዜ እንደ እፎይታ ነው የሚሆንላቸው። እኔ ይህን በክፍል ተምሬው ነበር፤ ያመንኩት ግን ሲስተር ስትጠይቅ አይቼ ነው።

6. ከመጨረሻው ጥያቄ በኋላ ስልኩን አስቀምጠን «ሌላ የሚነግሩኝ ነገር አለ?» እንላለን። ለዚህ የሚሆን ሳጥን በፎርሙ ላይ የለም፤ መልሱን በካርዱ ላይ እንጽፈዋለን።

ይህ ሁሉ ሲደረግ መጠይቁ አራት ደቂቃ መሆኑ ቀርቶ አሥር፣ አንዳንዴም አሥራ አምስት ሆነ። በገበያ ቀን ለሁሉም ሰው ማድረስ አይቻልም። ስለዚህ ከሲስተር ጋር ተነጋግረን ምክንያቱ ላልታወቀ ራስ ምታት፣ ለእንቅልፍ ማጣትና ለተደጋጋሚ የሰውነት ድካም ለሚመጡት ቅድሚያ ሰጠን። ጥቂት ሰው በደንብ መጠየቅ ብዙ ሰው በይስሙላ ከመጠየቅ እንደሚሻል የተማርኩት ከዚህ ነው።

ማጠቃለያ

ለማጠቃለል ያህል፣ ኤሌክትሮኒክ መጠይቅ ለጤና ጣቢያዎቻችን ይጠቅማል እላለሁ። ይዘላል፣ ይቆጥባል፣ ይደምራል፣ ያስታውሳል። ጥቅሙ የሚገኘው ግን መልሱ ወደ ታካሚው ሲመለስ ነው። መልሱ ወደ ሪፖርት ብቻ የሚሄድ ከሆነ እኛም ለሪፖርቱ ብለን እንሞላዋለን፤ እኔ ያደረግሁት ይህንኑ ነው። መምህራኖቻችንም የልምምድ ሪፖርታችንን ሲያርሙ የተሞላውን ብዛት ብቻ ሳይሆን «ያልተጠየቀ» ብለን በሐቀኝነት የተውነውንም ቢያዩልን ደስ ይለኛል። ባዶ ቦታ ነጥብ የሚያስቀንስ ከሆነ ተማሪው ዜሮ መሙላቱን አይተውም።

እኚያ እናት በቀጠሯቸው ቀን ከሴት ልጃቸው ጋር መጡ። ከልጃቸው ገና ወሬ አልተሰማም። እንቅልፋቸው ግን ጥቂት መለስ ብሏል፤ ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ሁለት ጊዜ ቤታቸው ሄዳ ቡና ጠጥተው ተጫውተዋል። እኔን ሲያዩ «ያቺ ስልክ የምትነካካው ልጅ» ብለው ሳቁ። «አማን ዋሉ እማማ?» አልኳቸው። «አማን ነው፣ አልሐምዱ ሊላህ» አሉኝ። ስልኩን ኪሴ ከትቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩና ቀጥሎ የሚሉትን ጠበቅሁ።